ሕያው ብር

ለመሆኑ ብረትን ብረት የሚያሰኘው ምኑ ነው? «ጥንካሬው» ብሎ የሚመልስ ሰው ባዜቃን ረስቷል ማለት ነው። እንደ ብር የሚያብረቀርቀው፣ እንደ ውሃ የሚፈስሰው፣ ሲደፋም እንደ ጨሌ ክብ ክብ እየሆነ የሚበታተነው ይህ ማዕድን ሊቃውንትን ለብዙ ዘመናት ሲያወዛግብ ኖሯል። ውዝግቡ ከስሞቹ ይጀምራል።

ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ግድም ስለ ድንጋዮች በጻፈው መጽሐፍ «ፈሳሽ ብር» ይለዋል፤ ሲናባር የተባለው ቀይ ድንጋይ ከሆምጣጤ ጋር በመዳብ ሙቀጫ ሲወቀጥ እንደሚገኝም ያስረዳል። ኋላም ግሪኮች «ሂድራርጊሮስ»፣ ማለትም የውሃ ብር፣ አሉት። ኬሚስቶች ዛሬ የሚጠቀሙበት «ኤችጂ» የተሰኘ ምልክት የመጣው ከዚሁ ስም ነው። ሮማውያን ደግሞ «ሕያው ብር» አሉት። አልኬሚስቶች በበኩላቸው ሰባቱን ብረቶች ለሰባት የሰማይ አካላት ሲያድሉ፣ ወርቅን ለፀሐይ፣ ብርን ለጨረቃ ሰጥተው፣ ባዜቃን ለፈጣኗ ፕላኔት ለሜርኩሪ አደረጉት። በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚችው ፕላኔት ስም ነው።

ይሁንና ስሞቹ ብር ቢሉትም፣ ብረትነቱን የተጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ። በመዶሻ የማይቀጠቀጥ ምን ብረት አለ? መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1759 መጨረሻ በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። በዚያ ብርቱ ክረምት ጆሴፍ አዳም ብራውን የተባለ ሊቅ በረዶን ከናይትሪክ አሲድ ጋር ቀላቅሎ ቴርሞሜትሩን ቢነክርበት ባዜቃው ረግቶ ተገኘ። ከሎሞኖሶቭ ጋር ሆነው ብርጭቆውን ሰብረው ቢቀጠቅጡትም እንደ ሌሎቹ ብረቶች ተዘረጋ። ክርክሩ በመዶሻ አለቀ!

ዛሬ እንደሚታወቀው ባዜቃ የሚረጋው ከዜሮ በታች በ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ የሚፈላው በ357 ነው። ክብደቱ ከእኩል መጠን ውሃ 13.6 እጥፍ ስለሆነ ምስማር እንደ ቡሽ ይንሳፈፍበታል። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ1643 የአየርን ግፊት ለመለካት የመረጠውም ስለዚሁ ነው፤ በውሃ ቢሆን ከ10 ሜትር የሚበልጥ ቱቦ የሚጠይቀው ሥራ በባዜቃ በ76 ሳንቲሜትር ከፍታ ተፈጸመ።

«ሕያው» የተባለው ግን ሕይወት ሲያጠፋ ኖሯል። ትነቱ አይታይም፣ አይሸትም፤ ቀስ በቀስ ነርቭ ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ አእምሮ ያናውጣል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔኑ የአልማደን ማዕድን የፍርድ እስረኞች በግዴታ ይሠሩ ነበር። በ1593 ደራሲው ማቴዎ አሌማን ለምርመራ ተልኮ የእስረኞቹን ቃል ጽፎ አስቀርቷል። ዓለም ግን ይህን መርዝ ለመቆጣጠር የተስማማው ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ በ2013 ነው። ስምምነቱም በባዜቃ ብክለት ሕዝቧ በተጎዳባት በጃፓኗ ከተማ ስም «የሚናማታ ስምምነት» ተባለ። ስም አውጪዎቹ ያዩት የባዜቃን ሩጫ ነበር፤ የአልማደን እስረኞች ግን ትነቱን አወቁት።