የላይፕዚግ ገበያና የከተማዋ ለዛ

በዛሬው ዘመን የንግድ ትርዒት አዘጋጆች የአስተናጋጇን ከተማ ምግብ፣ ሙዚቃና የእጅ ሥራ ወደ አዳራሾቻቸው ለማስገባት ብዙ የሚደክሙት፣ አዳራሾቹ ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩና በየአገሩ ተመሳሳይ መልክ የያዙ በመሆናቸው ነው። በምሥራቅ ጀርመን፣ በሳክሶኒ ግዛት የምትገኘው ላይፕዚግ ግን ገበያዋ በገዛ አደባባዮቿ፣ በነጋዴ ግቢዎቿና በምድር ቤቶቿ ውስጥ ይቆም ስለነበር፣ ለብዙ ምዕተ ዓመታት እንዲህ ያለ ድካም አላስፈለጋትም።

ከተማዋ ሁለት ታላላቅ የንግድ መንገዶች የሚገናኙባት ስትሆን፣ የቅድስት ሮማ ግዛት ገዥ የነበረው ቀዳማዊ ማክሲሚሊያን እ.ኤ.አ. በ1497 ለገበያዋ የንጉሠ ነገሥት ጥበቃ ሰጥቷል፤ በ1507 ደግሞ በዙሪያዋ በ15 የጀርመን ማይል፣ ማለትም ከ100 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ውስጥ፣ ሌላ ተመሳሳይ ገበያ እንዳይቆም ከልክሏል። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በአዲስ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላና በቅዱስ ሚካኤል በዓል ሰሞን፣ ነጋዴው ወደ ከተማዋ ይጎርፍ ነበር።

የከተማዋ የሙዚቃ ሕይወትም የገበያውን ቀን መቁጠሪያ ተከትሎ አደገ። በ1693 የተከፈተው የኦፔራ ቤት በተለይ በገበያው ሰሞን የሚሠራ ሲሆን፣ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ከ1729 ጀምሮ የመራው የተማሪዎችና የሙያተኞች የሙዚቃ ማኅበር በሲመርማን ቡና ቤት በአዘቦት ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ሰሞን ግን ሁለት ቀን ይጫወት ነበር። እንግዳው ነጋዴ የባኽን ሙዚቃ የሚያዳምጠው፣ ተክሉ ከኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች የተገኘውንና በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ገና ፋሽን የነበረውን ቡና እየጠጣ ነበር ማለት ነው። ከዚህም በላይ ገበያውንና ሙዚቃውን የሚያስተሳስረው በ1781 የሆነው ነው፤ የጨርቅ ነጋዴዎች ሕንፃ በሆነው ጌቫንትሃውስ ውስጥ የሙዚቃ አዳራሽ ተሠራ፤ የከተማዋ ስመ ጥር ኦርኬስትራም እስከ ዛሬ በዚሁ ሕንፃ ስም ይጠራል።

የከተማዋ ምግብም የራሱ ታሪክ አለው። ላርክ የምትባለው ትንሽ ዘማሪ ወፍ የታወቀች የላይፕዚግ ምግብ ነበረች፤ በ1876 አደኗ ሲከለከል ግን የከተማዋ ጋጋሪዎች በለውዝ የተሞላ ትንሽ ኬክ ሠርተው በስሟ ጠሩት። በኬኩ ላይ የሚታዩት ሁለት የተጠላለፉ የሊጥ ክሮች፣ ወፏ ለጥብስ ስትዘጋጅ የምትታሰርበትን ገመድ ያመለክታሉ። ኬኩ የቀረውን ለማቆየት ሳይሆን የጠፋውን ለመተካት የተፈጠረ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ዛሬ የከተማ መለያ ተብለው ለእንግዳ የሚቀርቡ ብዙ ነገሮች እንዲህ ባለ መንገድ የመጡ ናቸው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ባቡርና የፋብሪካ ምርት ሲስፋፉ፣ ነጋዴው ዕቃውን ሁሉ ጭኖ መምጣቱን ትቶ ናሙና ብቻ ያሳይና ትእዛዝ ይቀበል ጀመር። ላይፕዚግ በ1895 ወደዚህ የናሙና ትርዒት በመሸጋገር ቀዳሚ ስትሆን፣ በመሐል ከተማም ባለብዙ ፎቅ የናሙና ቤቶችን ሠራች። የሻንጣ አምራቹ አንቶን ሜድለር ከ1912 እስከ 1914 ያሠራው ባለጣሪያ የሱቅ መተላለፊያ የተገነባው፣ ገጣሚው ጎተ በተማሪነቱ ያዘወትረውና በኋላም «ፋውስት» በተባለው ድርሰቱ ያነሣው የአወርባኽ ምድር ቤት ባለበት ቦታ ነው። ሜድለር የድርሰቱን ገጸ ባሕርያት በነሐስ አስቀርጾ በምድር ቤቱ መግቢያ ግራና ቀኝ አቆመ፤ የፋውስትን ጫማ መዳሰስ ዕድል ያመጣል ስለሚባልም ጫማው በእንግዶች እጅ ታሽቶ አብረቅርቋል። የሸክላና የመስታወት ዕቃ ሊያዝዝ የመጣ ነጋዴ እግረ መንገዱን ከከተማዋ ሥነ ጽሑፍ ጋር የሚገናኘው በዚህ ስፍራ ነበር፤ ይህም በብልሃት የታሰበ ንግድ መሆኑ አያጠራጥርም።

ትርዒቱ በ1996 በሰሜናዊው የከተማ ዳርቻ ወደ ተሠራው፣ ሰፊ የመስታወት አዳራሽ ወዳለው አዲስ ግቢ ሲዛወር፣ ቀድሞ በራሱ ይገኝ የነበረው ለዛ ታስቦ የሚዘጋጅ ሆነ። በጸደይ ከሚካሄደው የመጻሕፍት ትርዒት ጎን ለጎን፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ደራስያን በመሐል ከተማ ቡና ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት መደብሮች ሥራቸውን የሚያነቡበት መርሐ ግብር ይካሄዳል፤ ጎብኚው ቀን በአዳራሹ ውሎ አመሻሹ ላይ በትራም ወደ መሐል ከተማ ይመለሳል።