ሜላቶኒን እና የምጥ መኮማተር

ሜላቶኒን ጨለማ ሲሆን በአንጎል ውስጥ የምትገኘው ፓይኒያል ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. የየል ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አሮን ለርነርና ባልደረቦቹ ለይተው አወጡት። ስሙ ከእንቅልፍ ጋር ቢነሳም ተቀባዮቹ በማኅፀን ጡንቻም ላይ አሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከሰው ማኅፀን የተወሰዱ የጡንቻ ሕዋሳት ማኅፀንን ከሚያኮማትረው ከኦክሲቶሲን ጋር ሜላቶኒን ሲጨመርባቸው ይበልጥ እንደሚኮማተሩ አሳተሙ። ምጥ ብዙውን ጊዜ ሌሊት የሚጀምረው ለዚህ ይሆን? ግምቱ አሳማኝ ነው፤ መውለጃቸው የተቃረበ ጥቂት ሴቶች ሌሊት ደማቅ ብርሃን ሲበራባቸው ሜላቶኒናቸው ወርዶ መኮማተሩም ቀንሷል። ጥናቶቹ ግን ትንንሽ ናቸው፤ በአይጥ ማኅፀን ላይ ደግሞ ሆርሞኑ፣ በተቃራኒው፣ መኮማተርን ሲገታ ታይቷል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት የሜላቶኒን ክኒን ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ የለባትም።