ያልተለመደ የማህፀን መድማት፦ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጥ ሕክምናና የባለሙያዎች ሥልጠና

ያልተለመደ የማህፀን መድማት የወር አበባ ከመጠን ሲያልፍ፣ ብዙ ቀናት ሲቆይ፣ ጊዜውን ሳይጠብቅ ሲመጣ ወይም በሁለት የወር አበባዎች መካከል ደም ሲታይ የሚሰጥ የጋራ ስያሜ ነው። ስያሜው የሚገልጸው ምልክትን እንጂ አንድን በሽታ አይደለም። በመሆኑም ታካሚዋን መጀመሪያ የሚያገኟትን ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና አዋላጅ ነርሶች ማሠልጠን፣ መድኃኒት ከመስጠት አስቀድሞ ምክንያቱን እንዲፈልጉ ማስቻል ነው።

ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ በ2018 ባሻሻለው ትርጓሜ መሠረት ጤናማ የወር አበባ በየ24 እስከ 38 ቀናት ይመጣል፤ ከ8 ቀናትም አይበልጥም። የደሙን መጠን በሚመለከት ወሳኙ መለኪያ የሴቲቱ ኑሮ ነው፤ ከሥራ ወይም ከትምህርት ገበታ የሚያስቀራት፣ አቅም የሚያሳጣት መድማት ብዙ ነው። ይህን ለማወቅ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሴቶች እናቶቻቸውና እህቶቻቸው በተመሳሳይ ሁኔታ ሲያልፉ ስላዩ የራሳቸውን መድማት እንደ ሕመም አይቆጥሩትም፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡትም ድካምንና ራስ ማዞርን ተናግረው ነው። የሠለጠነ ባለሙያ በቀን ስንት ሞዴስ ወይም ጨርቅ እንደምትቀይር፣ የረጋ ደም ይወጣ እንደሆነ፣ ሌሊት ልብሷንና አንሶላዋን ያበላሽ እንደሆነ በግልጽ ቃል ይጠይቃል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የተዋቀረ ነው። ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን በጎንደር የጤና ኮሌጅ የተጀመረው በ1947 ዓ.ም ሲሆን፣ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ደግሞ በ1995 ዓ.ም ተተግብሯል። በጤና ጣቢያዎች የሚያገለግለው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያ በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ከተዘጋጀ መመሪያ በመነሳት ለአገሪቱ እንዲስማማ ተደርጎ የተሰናዳ ነው። መመሪያው ከበሽታ ስም ሳይሆን ታካሚው ከሚናገረው ምልክት ይነሳል፤ ሥልጠናውም ባለሙያዎች በሥራ ቦታቸው በታካሚ ታሪኮች ላይ እየተወያዩ የሚማሩበት ነው። ለማህፀን መድማት ይህ አካሄድ በእጅጉ ይስማማል።

የምርመራው ቅደም ተከተል የሥልጠናው ዋና ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ የሴቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑና አለመሆኑ ይታያል፤ የልብ ምቷ የፈጠነ፣ የደም ግፊቷ የወረደ፣ ራሷን የሳተች ወይም ለተከታታይ ሰዓታት በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ የምታርስ ከሆነ በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቷት ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ቀጥሎ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል። ምርመራው ቀላል ቢሆንም መዝለሉ ብዙ ያስከፍላል፤ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና እንደ ተዛባ የወር አበባ ሊመስል ይችላልና። ከዚያም ደሙ በእርግጥ ከማህፀን መሆኑን ለማረጋገጥ የማህፀን በር በመሣሪያ ይታያል። በተግባር በብዛት የሚዘለለውም ይኸው ነው፤ ጊዜ ያጥራል፣ የተከለለ ክፍል አይኖርም፣ ታካሚዋም ባለሙያውም ያፍራሉ። የብረት እንክብል ሰጥቶ ማሰናበት ደም ማነስን ለጊዜው ቢያክምም ደም የሚያፈሰውን ምክንያት ሳይነካ ይተወዋል።

ምክንያቶቹ በሁለት ወገን ይመደባሉ። አንደኛው በማህፀን ላይ የሚታይ ለውጥ ሲሆን ፖሊፕ፣ ማዮማ የሚባለው እጢ፣ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ወደ ጡንቻው መግባትና ካንሰር ይገኙበታል። ሁለተኛው በዓይን የማይታይ ነው፤ የደም መርጋት ችግር፣ የእንቁላል አወጣጥ መዛባት፣ የማህፀን ሽፋን ችግርና መድኃኒት የሚያስከትለው መድማት በዚህ ይካተታሉ። ከመጀመሪያዋ የወር አበባዋ ጀምሮ ብዙ የምትደማ ልጃገረድ የደም መርጋት ችግር ሊኖርባት ስለሚችል በቤተሰቧ ተመሳሳይ ነገር መኖሩ ይጠየቃል።

በኢትዮጵያ በስፋት የሚወሰደው የእርግዝና መከላከያ መርፌ፣ እንዲሁም በክንድ ላይ የሚቀበረው፣ የወር አበባን ያዛባሉ። ይህ አስቀድሞ ሲነገር ሴቲቱ አትደናገጥም። ሆኖም መድማቱን ሁሉ በመርፌው ማሳበብ ሌላ ስህተት ነው።

ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ 12 ወር ካለፈ በኋላ የሚመጣ ደም ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ለነገው ትውልድ እንጂ ዛሬ ለምትደማዋ እናት መፍትሔ አይሆንም። በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው የቅድመ ካንሰር ልየታም ምልክት ለሌላቸው ሴቶች የታሰበ ነው፤ በማህፀን በሯ ላይ እብጠት ወይም ቁስል የታየባት ሴት ናሙና ወደሚወሰድበት ሆስፒታል መላክ አለባት። ከ45 ዓመት በላይ ሆና የምትደማ ሴትም የማህፀን ሽፋን ናሙና ያስፈልጋታል።

አደገኛ ምክንያት ካልተገኘ ብዙው ሕክምና በቅርብ ሊሰጥ ይችላል። አይቡፕሮፌን ሕመሙንም ደሙንም ይቀንሳል፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ በሚደማባቸው ቀናት ብቻ የሚወሰድ ሲሆን በደም ሥራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ለሚያውቅ ሴቶች አይሰጥም። ሆርሞን ያለው ሉፕና የእርግዝና መከላከያ እንክብልም ይረዳሉ፤ የእንክብሉን ጥምር ዓይነት ከማዘዝ በፊት ግን የደም ግፊት መለካት ግድ ነው። የሂሞግሎቢን መጠኗ ከ12 ግራም በታች የሆነ ሴት ብረት ትጀምራለች፤ መጠኑ ከተስተካከለም በኋላ ለሦስት ወር ያህል ትቀጥላለች።

ከአገር ውጭ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት የሚያጋጥማቸውም ችግር ከዚህ ብዙ አይለይም። በሪያድ ከተማ ጉበይራን በመሰሉ ሰፈሮች ለምትኖር ሴት የቋንቋ ችግርና ስለ ወር አበባ በአስተርጓሚ ፊት የመናገር ኀፍረት ይጨመርበታል። ደሙ የጀመረበትን ቀን፣ የቆየበትን ጊዜ፣ በቀን የቀየረችውን የሞዴስ ብዛትና የምትወስደውን የእርግዝና መከላከያ ስም በወረቀት ጽፋ ብትይዝ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀውን አብዛኛውን ትመልስለታለች። የሳዑዲ ዓረቢያ ጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ ቁጥር 937 ነው።