ሦስት ቫልቭና አንድ አዋጅ

ስለ ናዚ ጀርመን ሬዲዮ ሲወሳ ትኩረቱ ሁሉ በተናጋሪዎቹ ላይ ነው። ስለ ሂትለር ጩኸትና ስለ ጎብልስ ምላስ ብዙ ተብሏል። ድምፃቸውን በየሳሎኑ ያደረሰው ዕቃ ግን እንደ ተራ ሣጥን ይታለፋል። ዛሬ ውድ አንባብያን ያንን ሣጥን አብረውኝ ከፍተው ውስጡን እንዲያዩ እጋብዛለሁ። አንድ መንግሥት የዜጎቹን ጆሮ ለመቆጣጠር በዕቃ ምን ያህል፣ በሕግስ ምን ያህል እንደሚተማመን ከዚህ ሣጥን የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ይቸግራል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ፎልክስኤምፕፌንገር»፣ ማለትም «የሕዝብ መቀበያ»፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በኦገስት 1933 በበርሊን የሬዲዮ ዐውደ ርእይ ነበር። የሞዴሉ ቁጥር 301 ሂትለር ሥልጣን የያዘበትን ጃንዋሪ 30 እንዲያስታውስ ተብሎ የተሰጠ ነው። ዋጋው 76 ራይክስማርክ ነበር፤ በ1938 የተከተለው ታናሹ ደግሞ በ35 ተሸጠ። ሕዝቡ ይህን ትንሹን «የጎብልስ አፍ» እያለ ያላግጥበት እንደነበር ይታወቃል።

በቤት ኤሌክትሪክ የሚሠራው የመጀመሪያው ሞዴል ውስጥ ያሉት ቫልቮች ሦስት ብቻ ናቸው። አንደኛው የኤሌክትሪኩን ተለዋዋጭ ፍሰት ወደ አንድ አቅጣጫ ያስተካክላል፤ ሌላው ድምፁን በመጨረሻ አጉልቶ ለስፒከሩ ይሰጣል። ጣቢያ የመያዙ ሸክም እንግዲህ የወደቀው በቀረው በአንዱ ላይ ነው። ይህ ብቸኛ ቫልቭ ሸክሙን የቻለው ካጎላው ሞገድ ከፊሉ ወደ መግቢያው እየተመለሰ እንደገና እንዲጎላ በመደረጉ ነው። ዘዴውን አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ ገና ተማሪ ሳለ በ1912 ደርሶበት ነበር።

እንዲህ ያለውን ሬዲዮ መቃኘት ክራር ከመቃኘት ብዙም አይርቅም። አድማጩ በአንድ እጁ ጣቢያውን ይፈልጋል፤ በሌላው መልሶ የማጉያውን ማዞሪያ ቀስ እያለ ይጨምራል። ድምፁ እየጠነከረ ይሄድና ልኩን ሲያልፍ ሬዲዮው ራሱ ማፏጨት ይጀምራል። ያን ጊዜ ጥቂት መመለስ ያስፈልጋል፤ ሩቅ ጣቢያ አጥርቶ የሚሰማው ፉጨቱ ሊጀምር ሲል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ነውና። ያለ ልክ የጨመረ ሰው የጎረቤቱንም ሬዲዮ ያስፏጫል፤ መቀበያው በዚያች ቅጽበት በአንቴናው በኩል አስተላላፊ ይሆናል።

«ናዚዎች ሬዲዮውን ሆን ብለው የውጭ ጣቢያ እንዳይዝ አድርገው ሠሩት» የሚል አባባል በብዛት ይደመጣል። እውነቱ ከዚህ ረቀቅ ይላል። ሬዲዮው አጭር ሞገድ እንዳልነበረው፣ በአቅራቢያ ያለ ኃይለኛ ጣቢያም ሌላውን ይሸፍንበት እንደነበር እርግጥ ነው። ይህ ግን በዋነኛነት የርካሽነቱ ውጤት ነበር። መካከለኛ ሞገድ ራቅ ብሎ በሚጓዝበት በሌሊቱ ሰዓት፣ ጥሩ አንቴናና ትዕግሥት ያለው ሰው በዚሁ ሬዲዮ ድንበር ተሻግሮ ማዳመጥ ይችል ነበር። የሚደመጥም ነበረው፤ ቢቢሲ በሴፕቴምበር 1938 በጀርመንኛ ማሰራጨት ጀምሯል።

ዕቃው ያልዘጋውን በር ለመዝጋት መንግሥቱ ወደ ሕግ ዞረ። ፖላንድ በተወረረችበት ዕለት፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ የውጭ ጣቢያ ማዳመጥን የሚከለክል አዋጅ ወጣ። ማዳመጥ ለእስር ይዳርግ ጀመር፤ የሰሙትን ማሰራጨት በከባድ ሁኔታ እስከ ሞት ያስቀጣ ነበር። በሬዲዮው ማዞሪያ ላይ የሚንጠለጠል የማስጠንቀቂያ ካርድም ለየቤቱ ታደለ።

አዋጁ ለማስፈራሪያ ብቻ የወጣ አልነበረም። የሃምቡርጉ ወጣት ሄልሙት ሂዩበነር ወንድሙ ከፈረንሳይ ባመጣው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ለንደንን ያዳምጥ ነበር። የሰማውንም በወረቀት እየጻፈ በከተማው በተነ። በፌብሩዋሪ 1942 ተያዘ፤ በኦክቶበር 27 ቀን 1942 በበርሊን ፕሎትዘንዜ እስር ቤት አንገቱ ተቀላ። ዕድሜው 17 ዓመት ነበር።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንም። በደርግ ዘመን የውጭ ጣቢያን ድምፅ ቀንሶ፣ ጆሮን ከስፒከሩ አጣብቆ ማዳመጥ ምን እንደነበር የምናስታውስ ብዙ ነን። በማርች 2010 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ ሞገዱን ለማፈን ዝግጅት እንዳለ በይፋ ተናግረዋል። ሬዲዮ ለእልቂት መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ሩዋንዳ በ1994 አሳይታለች፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የትኛው ድምፅ እንዲታፈን የሚወስነው በዚያው ድምፅ የሚተቸው አካል ከሆነ፣ ፍርዱ ገና ከጅምሩ ተዛብቷል።

እነዚህ አሮጌ ሬዲዮዎች የታሪክ ምስክሮች በመሆናቸው ሊጠበቁ ይገባል። ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ የቫልቭ ሬዲዮ ያለው አንባቢ ግን ፈጥኖ ሶኬት ላይ እንዳይሰካው አደራ እላለሁ። በብዙዎቹ ሬዲዮዎች ውስጥ ያሉት የወረቀት ካፓሲተሮች እርጥበት ስበው ኤሌክትሪክ ያሾልካሉ። ከማጉያው ቫልቭ በፊት ያለው ካፓሲተር ካሾለከ ቫልቩ ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመሩንም ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ እነርሱና የኃይል ማጣሪያዎቹ አስቀድመው ይመርመሩ፤ የደከሙት ይለወጡ። ማጣሪያዎቹ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል ሊይዙ ስለሚችሉ ክዳኑን ከፍቶ እጅ መስደድ ያስፈራል። የ1938ቱ ዓይነት ትራንስፎርመር አልባ ሬዲዮ ደግሞ ሻንሲው ራሱ ሰው ሊገድል ስለሚችል ለባለሙያ ይተው።

ሬዲዮው ዳግም ሲናገር ልጆቻችሁን አስጠግታችሁ ማዞሪያውን ስጧቸው። ራሳቸው ቃኝተው፣ ፉጨቱን አሳልፈው አንድ ሩቅ ጣቢያ ይያዙ። ዛሬ የእጅ ስልካችን የምንሰማውን እየመረጠ ሲያቀርብልን ፉጨት የለውም፤ ልኩን ማለፉንም አይነግረንም። ማዳመጥ ድካም ያለበት የዜጋ ሥራ መሆኑን ያ ማዞሪያ ያስተምራቸዋል።

ቸር ይግጠመን።