ሁለት ጊዜ የሚሠራው መኪና፦ የአምቡላንስ ቦዲ ሠሪዎች ታሪክ

አምቡላንስ ሁለት ጊዜ የሚሠራ መኪና ነው። መጀመሪያ የመኪና ፋብሪካው ሞተሩንና ሻንሲውን ያወጣል። ቀጥሎ ቦዲ ሠሪው ላሜራ ቆርጦ፣ ጣሪያ ከፍ አድርጎ፣ የቃሬዛ ማሰሪያ ተክሎ ሕይወት ማዳኛ ያደርገዋል። ከፊት ጎልቶ የሚታየው የፋብሪካው ስም ቢሆንም፣ ሕመምተኛው የሚተኛው በቦዲ ሠሪው የእጅ ሥራ ውስጥ ነው።

ሙያው የተወለደው ከሠረገላ ሥራ ነው። ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ፣ ቁስለኞች ውጊያው እስኪያበቃ ሜዳ ላይ ተጥለው ሲያልቁ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1792 “በራሪ አምቡላንስ” የተባለውን በፈረስ የሚጎተት ቀላል ሠረገላ አሰበ። ባለሁለት ጎማው ሁለት ቁስለኞችን አስተኝቶ ይጭን ነበር፤ መንገዱ እንዳያንገላታቸውም በባሌስትራ ላይ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ በቺካጎ የሚካኤል ሪስ ሆስፒታል በኤሌክትሪክ የሚሄድ አምቡላንስ ሥራ ጀመረ። ፈረሱ ቀረ፤ ሠረገላ ሠሪው ግን ወደ መኪና ተሸጋገረ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ለእነዚህ እጆች ብዙ ሥራ አመጣ። በፈረንሳይ ግንባር የተሰማሩት አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች የፎርድ ሞዴል ቲ ሻንሲ ሲያመጡ፣ በፓሪስ አጠገብ የነበረው የኬልነር ሠረገላ ቤት የእንጨት ቦዲ ሠራላቸው። መኪናው ቀላል ስለነበር ጭቃና ዳገት አልበገረውም። በዚያው ዘመን ማሪ ኩሪ የራጅ መሣሪያ የጫኑ መኪኖችን አሰናዳች። ለመሣሪያው የሚሆነውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ የሚዞረው በመኪናው ሞተር ነበር። ለልዩ አገልግሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያኔ ታየ።

ኢትዮጵያ የአምቡላንስ መኪናን በብዛት ያየችው በመከራዋ ቀን ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ተሻገረ። ከእንግሊዝ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅ የሕክምና ቡድኖች መጡ። ከኦስሎ የተነሣው የኖርዌይ ቡድን በዶክተር ጉናር ኡላንድ እየተመራ በደቡብ ግንባር አገለገለ። ይሁን እንጂ የቀይ መስቀል ምልክት ከቦምብ አላዳናቸውም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የስዊድን አምቡላንስ ቡድን ተደብድቦ ብዙ ሕመምተኞች አለቁ፤ ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትሮምም ሕይወቱን አጣ። የካቲት 25 ቀን በቆቦና በኮረም አካባቢ የነበረው የዶክተር ጆን ሜሊ የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድን ተመሳሳይ ጥቃት ደረሰበት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙያው የራሱ ድርጅቶች ኖሩት። በጀርመን ሎርሕ ከተማ ሚካኤል ቢንዝ እ.ኤ.አ. በ1936 የመሠረተው ቦዲ ቤት፣ በመርሴዲስ ላይ አምቡላንስና የአስከሬን መኪና በመሥራት ስም አተረፈ። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ሰው የሚያስተኛ ረጅም ቦዲ ይፈልጋሉ። በአሜሪካም የካዲላክ ሻንሲን አስረዝመው የሚሠሩት ቤቶች ለሁለቱም ያመርቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ጥናት፣ ከአምቡላንስ አገልግሎቱ ግማሽ ያህሉ በ12,000 የቀብር አስፈጻሚዎች እጅ እንደነበረ አጋለጠ። በእነዚህ መኪኖች ዝቅተኛ ጣሪያ ሥር ባለሙያ ቆሞ ሊረዳ አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት በቤልፋስት ዶክተር ፍራንክ ፓንትሪጅ 70 ኪሎ የሚመዝን የልብ ማስነሻ መሣሪያ በአምቡላንስ ጭኖ ሕክምናውን ወደ ሕመምተኛው ወሰደ።

ከዚያ ወዲህ የቦዲ ሠሪው ሥራ በተጻፈ ደንብ መመራት ጀመረ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የፌዴራል መስፈርት አወጣች፤ አውሮፓም እ.ኤ.አ. በ1999 የመጀመሪያውን የጋራ ደረጃ አጸደቀች። በአውሮፓው ደረጃ ቃሬዛውና መሣሪያው ከክብደታቸው አሥር እጥፍ የሚሆን የግጭት ኃይል መቋቋም አለባቸው። በግጭት ጊዜ ከቦታው የሚነቀል የኦክስጅን ሲሊንደር ገዳይ ስለሚሆን፣ የማሰሪያው ጥንካሬ በፈተና ይረጋገጣል።

በኢትዮጵያ ገጠር ለብዙ ዘመን አምቡላንስ የነበረው ቃሬዛ ነው፤ የመንደሩ ሰው ተቧድኖ ምጥ የያዛትን እናት ተሸክሞ ያደርስ ነበር። በኋላ ለወረዳዎች አምቡላንስ ሲከፋፈል የገጠሩን መንገድ የቻለው ላንድክሩዘር ነው። መኪናው ከውጭ ይምጣ እንጂ የቦዲ ሥራ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ላሜራ ተቀጥቅጦ የሚሠራው አውቶቡስ ስሙ ራሱ “ቅጥቅጥ” ነው። ባትላሜራው፣ ብየዳ ሠራተኛውና ቀለም ቀቢው እዚሁ አሉ። የሚያስፈልገው የተጻፈ ደረጃና ደረጃውን የሚያረጋግጥ የግጭት ፈተና ነው። መንግሥትና የቴክኒክ ኮሌጆች እነዚህን ሁለቱን ቢያሟሉ፣ ቅጥቅጥን የሠሩ እጆች እናትን በደኅና የሚያደርስ አምቡላንስ መሥራት አያቅታቸውም።