የጫት እሽግ፣ የፖሊስ ፍተሻ እና «አላውቅም ነበር» የሚለው መከላከያ

ጫት በኢትዮጵያ በግልጽ ገበያ የሚሸጥ፣ ግብር የሚከፈልበትና የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ምርት ነው። ከአወዳይ ተጭኖ ጅቡቲ ወይም ሐርጌሳ ሲራገፍም ሕጋዊ ሸቀጥ ነው። ያው ቅጠል በሻንጣ ወይም በፖስታ እሽግ ተደርጎ አሜሪካ ሲገባ ግን ባለቤቱን በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ሊያስከስስ ይችላል።

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ «ጫት» የተባለውን ተክል በስሙ ጠርቶ በተከለከሉት ንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ውስጥ አላሰፈረም። የተመዘገቡት በቅጠሉ ውስጥ የሚገኙት ሁለት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው፣ ማለትም እጅግ ጥብቅ በሆነው መደብ ተቀምጧል። ካቲን የተባለው ደካማው ንጥረ ነገር ደግሞ ከ1988 ጀምሮ በአራተኛው መደብ ይገኛል። ቅጠሉ ትኩስ ሳለ ካቲኖን ይይዛል፤ ከተቀጠፈ በኋላ ውሎ ሲያድር ካቲኖኑ እየተለወጠ በአብዛኛው ካቲን ብቻ ይቀራል። በመሆኑም የላቦራቶሪ ምርመራው ውጤት የክሱን ክብደት ይወስናል።

የመከላከያ ጠበቆች አብዝተው የሚከራከሩበት ነጥብም ከዚሁ ይነሣል። ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ ቅጠሉን መያዙን ብቻ ሳይሆን፣ የያዘው በሕግ ቁጥጥር ሥር ያለ ንጥረ ነገር መሆኑን ማወቁን ጭምር ማስረዳት አለበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በሰጠው ውሳኔ ይህ ዕውቀት በሁለት መንገድ እንደሚረጋገጥ አብራርቷል፦ ተከሳሹ ንጥረ ነገሩ የተከለከለ መሆኑን ያውቅ ከነበረ፣ ወይም መከልከሉን ባያውቅም የንጥረ ነገሩን ማንነት ያውቅ ከነበረ። ሄሮይን መያዙን የሚያውቅ ሰው «መከልከሉን አላውቅም ነበር» ቢል ሕግን አለማወቅ ሰበብ አይሆንለትም። ጫት መያዙን የሚያውቅ ሰው ግን ካቲኖን የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል።

በ2005 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከኔዘርላንድስ ጫት ይዞ በገባ ተጓዥ ላይ የተላለፈውን የጥፋተኝነት ውሳኔ የሻረው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ሰውየው የያዘው ነገር ቁጥጥር የሚደረግበት ንጥረ ነገር እንዳለው ማወቁ በማስረጃ አልተረጋገጠም። ሆኖም መከላከያው ሁልጊዜ አይሠራም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ጉዳይ የጥፋተኝነት ውሳኔውን አጽንቷል። የሐሰት ስም መጠቀም፣ የእሽጉን ይዘት «ሻይ ቅጠል» ብሎ ማስመዝገብ ወይም በምርመራ ወቅት መዋሸት ጁሪው ዘንድ የዕውቀት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

ሌላው የመከላከያ በር ማስረጃው የተገኘበት መንገድ ነው። አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያለ አግባብ መፈተሽን ይከለክላል፤ ከ1961 ወዲህ ደግሞ ይህን በመጣስ የተገኘ ማስረጃ በክፍላተ ግዛት ፍርድ ቤቶችም ውድቅ ይደረጋል። ጥበቃው ግን እንደ ቦታው ይለያያል። በአውሮፕላን ማረፊያ የጉምሩክ ሠራተኛ ሻንጣ ለመክፈት የፍርድ ቤት ማዘዣም ጥርጣሬም አያስፈልገውም። ከውጭ የሚገባ የፖስታ እሽግም እንዲሁ በጉምሩክ ሊከፈት ይችላል። በአገር ውስጥ በመንግሥት ፖስታ የሚጓዝ የታሸገ ዕቃ ግን በአመዛኙ ማዘዣ ይሻል። የግል መልእክት አድራሽ ድርጅት ሠራተኛ በራሱ ተነሣሽነት እሽጉን ከፍቶ ለፖሊስ ቢያሳይ የሕገ መንግሥት ጥሰት አይባልም፤ ማሻሻያው የሚያስረው መንግሥትን እንጂ ግለሰብን አይደለምና።

በመንገድ ላይ ፖሊስ በትራፊክ ጥፋት ያስቆመውን መኪና፣ ሌላ ጥርጣሬ ሳይኖረው፣ አነፍናፊ ውሻ እስኪመጣ ብሎ ሊያዘገይ አይችልም፤ ይህ በ2015 ተወስኗል። የተያዘን ሰው ስልክ ለመበርበርም ከ2014 ጀምሮ በመርሕ ደረጃ ማዘዣ ያስፈልጋል።

እነዚህን ጥበቃዎች ሁሉ ግን አንድ «እሺ» ሊያፈርሳቸው ይችላል። ፖሊስ «ሻንጣህን ልየው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ባለቤቱ እምቢ የማለት መብት እንዳለው የመንገር ግዴታ የለበትም። ለሕግ አስከባሪ መታዘዝን እንደ ጨዋነት ቆጥሮ ያደገ ስደተኛ ጥያቄውን እንደ ትእዛዝ ሊሰማው ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ ግን መልሱን በፈቃድ የተሰጠ አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። «ፍተሻውን አልፈቅድም» ብሎ በእርጋታ መናገር ወንጀል አይደለም፤ በጉልበት መከላከል ግን ሌላ ክስ ያመጣል።

ዜግነት ለሌለው ሰው ከእስራቱ ይልቅ የሚከብደው የኢሚግሬሽን መዘዙ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንኳ በቁጥጥር ሥር ባለ ንጥረ ነገር ጥፋተኛ ከተባለ ሊባረር ይችላል፤ ሕጉ ያስቀመጠው ጠባብ ልዩ ሁኔታ ለግል መጠቀሚያ የተያዘና ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋናን የሚመለከት አንድ ጥፋት ብቻ ነው። ዳኛው «ጥፋትህን አምነህ ትምህርት ተከታተልና መዝገቡ ይዘጋልሃል» ቢልም፣ የጥፋተኝነት ቃል ተሰጥቶ አንዳች ገደብ ወይም ቅጣት ከተጣለ በኢሚግሬሽን ሕግ ዘንድ እንደ ፍርድ ይቆጠራል። ከ2010 ወዲህ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው አስቀድሞ የማስረዳት ግዴታ አለበት።

በብሪታንያ ጫት ከሰኔ 24 ቀን 2014 ጀምሮ ሲ በተባለው መደብ ተከልክሏል። ፖሊስ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ካለው ያለ ማዘዣ መንገደኛን አስቁሞ መፈተሽ ይችላል፤ ነገር ግን ስሙን፣ ጣቢያውንና የፍተሻውን ምክንያት መናገር አለበት፤ የተፈተሸው ሰውም የፍተሻውን መዝገብ ቅጂ መጠየቅ ይችላል። እገዳው ሲጀመር በወጣው መመሪያ መሠረት ለግል መጠቀሚያ ጫት ይዞ የተገኘ አዋቂ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ በሁለተኛው 60 ፓውንድ ቅጣት፣ በሦስተኛው ደግሞ እስር ይጠብቀዋል። ለሽያጭ ማቅረብ እስከ 14 ዓመት ያሳስራል።