ጥንድ ዋንጫ

በኢንካ ሰው ወግ መጠጥ ለብቻ አይጠጣም ነበር። በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ በዛሬዋ ፔሩና በአካባቢዋ ይኖር የነበረው ይህ ሕዝብ ኬሮ የሚባለውን የእንጨት ዋንጫ የሚሠራው በጥንድ ነው። ሁለቱ ዋንጫዎች በመጠንም በጌጥም አንድ ናቸው። ጋባዡ ሁለቱንም ከበቆሎ ብቅል በተጠመቀ ቺቻ ይሞላና አንዱን ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን ለእንግዳው ያቀርባል። ተቀብሎ የጠጣ ወዳጅነቱን አሰረ፤ ያልተቀበለ ግን ጋባዡን አዋረደ።

የኢንካን ውድቀት ታሪክ ከስፔናውያን ጠመንጃ ሳይሆን ከዚህ ዋንጫ መጀመር ይሻላል እላለሁ። የንጉሥ አታዋልፓ የወንድም ልጅ ቲቱ ኩሲ ዩፓንኪ እ.ኤ.አ. በ1570 ያስጻፈው ታሪክ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ ቺቻውን በወርቅ ዋንጫ ቢያቀርብለት ስፔናዊው ተቀብሎ መሬት ላይ ደፋው። መጽሐፍ ሲያሳዩት ደግሞ ንጉሡ በተራው ወረወረው። ስለ መጽሐፉ መወርወር ብዙ ተጽፏል፤ የፈሰሰውን መጠጥ ያልረሳው ግን የተደፋበት ወገን ነው! አታዋልፓ በኅዳር 1532 ካሃማርካ ላይ ተማረከ፤ በማግሥቱ ዓመት ተገደለ።

እኔን የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከወረራው በፊት በኬሮ ላይ የሚቀረጸው በአብዛኛው መስመርና ማዕዘን ነበር። ሀገር ከጠፋ በኋላ ግን እንጨቱ በቀለም ደመቀ፤ ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ቀስተ ደመናው፣ አበባው፣ ጦረኛው ሁሉ መጣበት። ቀለሙ በብሩሽ የተቀባ እንዳይመስላችሁ። ሞፓ ሞፓ የተባለው ተክል ሙጫ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በቀለም ይለወሳል፤ እስኪሳሳ ድረስ ይወጠርና ተቆርጦ፣ በእንጨቱ ላይ በተፈለፈለው ቅርጽ ልክ ይገጠማል። ቀዩ ቀለም የሚገኘው ቁልቋል ላይ ከምትኖር ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ፊደል ያልነበረው ሕዝብ ነገሥታቱን በእጁ በሚይዘው ዕቃ ላይ አኖራቸው።

ገዢዎቹም ይህን አላጡትም። የስፔን እንደራሴ ፍራንሲስኮ ደ ቶሌዶ በ1570ዎቹ በዋንጫ ላይ ሥዕል እንዳይሠራ ደነገገ፤ ሠሪዎቹ ግን ቀጠሉ። በ1781 የዳግማዊ ቱፓክ አማሩ ዐመፅ መሪው ከተገደለ በኋላ ደግሞ የኢንካ ነገሥታት ሥዕልና የክብር ልብሳቸው ጭምር ታገደ።

ዛሬ በየሙዚየሙ መስታወት ውስጥ ከሚታዩት ኬሮዎች ብዙዎቹ ጥንዳቸው የሌለ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ የተሳለው ሰው ራሱ ዋንጫ ይዟል፤ ፊት ለፊቱ ለቆመው ሰው እየዘረጋለት።